የቁልፍ ደሴቶች

አራዳ፣ ከጠባቧ ሱቄ፣ የመቶ አለቃው ጥቁር ገበርዲን ተዘርግቶ፣
እንየው ጠመኔዬን አነሣ፣ ጨርቁ የሰው መሆኑን ረስቶ።
«ይኼ ጎርጎራ ነው» አለኝ፣ መቀሴን ከላይ አስቀምጦ፣
ከዚያ ጣናን ሣለው፣ እንደ ልብ አጣሞ፣ እንደ ድንች አሳብጦ።

ዘጠኝ ወር እሁድ እሁድ ወርዶ፣ ዋንዛ ሲልግ ሲያቃና ከርሞ፣
ጀልባው አለቀለት፤ አሸዋ ላይ በሆዱ ተጋድሞ
ይጠብቀናል።
ሸራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከአሮጌ ድንኳን አውጥቼ፣
ሦስት መርፌ ተሰብሮብኝ፣ አውራ ጣቴን ተወግቼ።
አሁን የቀረው አንድ ቃል ነው፦
ወዴት?

ከቁልፍ ቆርቆሮዬ ዘገነና ደሴት ደሴቱን በተነ፤
የካፖርት ትልቁ ቁልፍ፣ መሐል ተቀምጦ ደቅ ሆነ፤
የሸሚዝ ነጯ ዳጋ፣ የሱሪ ቡናማው ዘጌ፣
(ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ዝም አልኩት፣ ሳቄን ሸሽጌ፤)
ሌሎቹ ስም ሳይደርሳቸው እንዲሁ ተንጠባጠቡ፤
አንዷማ፣ የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ፣ ከመቀሱ ሥር ቀረች፣ ከወደቡ።

«ባሕር ዳር!» አለ በመጀመሪያ፣ ጣቱን ከጫፍ ጫፍ ሰዶ፤
ሜትሬን አንሥቼ ስለካው፣ የጨርቁን ወገብ አልፎ ሄዶ
ጠረጴዛው አለቀ።
«በሞተር እንኳ ቀን ሙሉ ነው፤ በእኛ ጣውላና ሸራ
ስንት ሌሊት ነው የምናድር? ሰኞ አዘዞ አለህ ሥራ።»

«ዳጋ እንግዲያ» አለ ዝቅ ብሎ።
«ዳጋ ላይ ሴት አትወጣም፤ አንተ ስታይ የነገሥታቱን ሣጥን፣
እኔ ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጠብቅልህ ጫማህን?»
ጫማውን አየ። ሶሉ ተላቋል። ሳቀ።

ደቅን የምወደው እኔ ነበርኩ፤ የአክስቴ ልጅ ውባንቺ
እዚያ ተድራ ሰባት ዓመቷ፤ «እስቲ አንድ ቀን ብትመጪ፣
መንገዱ ውሃ ነው፣ አይጠፋሽም» እያለች ትልክብኛለች።
ግን ጀልባው ገና ውሃ አልቀመሰም፤
እኔ ዋና አልችልም፤ እሱም «እችላለሁ» ይላል እንጂ፣ ሲዋኝ ዐይቼው አላውቅም።
በምሥራቅ ደግሞ እንቦጭ አለ፤ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፣
ጀልባ ሲጣበቅበት፣ ሰው እንደ ዝንብ ይቀራል።

አያ ጫኔ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ በፌስታል ይዘው የመጡ፣
በልጅነታቸው በደንገል ታንኳ፣ ማገዶ ጭነው ሲወጡ
ሲገቡ ያደጉ፣ ካርታችንን አዩት አንገት አዘንብለው።
«ወዴት ነው?» አላሉም። «በየትኛው ነፋስ ልትመለሱ ነው?»

ዝም አልን።
«ጧት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከየብስ የሚነሣው ይሸኛችኋል፤
ከቀትር በኋላ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ወደ ቤት ይገፋችኋል።
በሁለቱ መሐል የምትገባውን ፈልጉ፤ ሌላው ምኞት ነው» አሉ፣
ሱሪያቸውን ሰጡኝና፣ «ጉልበቱን ድርብ አርጊው፣ አደራ» እያሉ
ወጡ።

የመቶ አለቃው ደወለ። «ደረሰ ወይ?» «ይደርሳል» አልኩ፤
(ሱፉን ማለቴ ነው።) ብሩሽ አንሥቼ ጣናን አራገፍኩ።
ደሴቶቹን በእፍኜ ሰብስቤ ወደ ቆርቆሮው ስመልስ፣
አንዷ አመለጠች፤ ተንከባለለች፣ እስከ ፔዳሉ ድረስ።
እንየው ተንበረከከ፣ ከብጥስጣሽ መሐል ዳሰሰ፣
የሕፃኑን ሸሚዝ ቁልፍ አወጣ፣ ትቢያዋን በእጅጌው አበሰ።

ማንም ያልተከራከረላት፤ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚያሰጡባት፣
ሁለት ሾላ፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ይብራዎች የሚያርፉባት፤
ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ፔርሙዝ ውስጥ ሻይ አይቀዘቅዝም።
«እዚህ ለመድረስ ነው ዘጠኝ ወር?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁም።

ገበርዲኑን ቆረጥኩ። ጣና ከነበረበት እጅጌ ወጣ፤
ጎርጎራ ኪስ ሆነ።

ማታ፣ ሱቁን ልዘጋ ስል፣ ከሸራው ጥግ ላይ ተቀምጬ፣
ትልቁን የካፖርት ቁልፍ ሰፋሁበት፣ ክሩን በጥርሴ ቆርጬ።
«ቀዳዳ የለው፣ ምን ይቆልፋል?» አለ፣ ጎንበስ ብሎ እያየው።
«ቀዳዳው ደቅ ነው» አልኩት። «ቅዳሜ በደኅና ይመለስ ጀልባው፣
የከርሞውን፣ እስቲ እንየው።»