በበረዶ የታሸገ

ረዳቱ ጠየቀኝ፣ «ዓሣ ነው የያዝከው?»
«አዎ» አልኩት ዋሽቼ፤ ምን ብዬ ልንገረው?
በበረዶ አሽጌ ጭኔ ላይ ያቀፍኩት
የልጄ ሰገራ ነው፣ ሐኪሞች ያዘዙት።

ከኮዬ ፈጬ ጫፍ እስከ ቃሊቲ ድረስ
በረዶው ሲቀልጥ፣ ሱሪዬም ሲርስ፣
እቆጥር ነበረ፤ ማራማዊት ሳትወድቅ ያደረችውን
ዐሥራ ሰባት ቀን።

ዳቦ የለ፣ ስኳር የለ፤ ቅቤዋ በግራም፣
ከወርቅ ሠሪ በተዋስኩት ሚዛን።
ሁዳዴ ነው ደግሞ፤ የቅቤው ሽታ ደረጃ ወርዶ
ጎረቤት ያንኳኳል።
ማንም ምንም አይል፤ መስኮት ብቻ ይዘጋል።

የላብራቶሪዋ ሴት፣ ጓንቷን እያጠለቀች፣
«ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ» አለች።
መራብ ነው መራባት?
«ሁለቱም። ስኳር የለመዱት ይከሳሉ፣
ቅቤ የሚችሉት ይበዛሉ።
ሕመሙን የሚገቱላት እነሱ ይሁኑ፣
ገና አላወቅንም።»

እኔ ለሳኝ ነኝ፤
ሰው ወጥቶ ሰው የገባበትን ቤት አውቃለሁ፤
ግድግዳው ያው፣ ድምፁ ሌላ።

ማታ ጆሮዬን ሆዷ ላይ ጣል አደረግኩ።
«ማንን ነው የምትሰማው?»
«አዲሶቹን ተከራዮች።»
«ኪራይ ይከፍላሉ?»
«የዐሥራ ሰባት ቀን ከፍለዋል።
የዛሬው ገና ነው።»