ከአንድ ግንድ

አባቴ ተማም ነው፣ በርጩማ ጠራቢ፣
ሂርማታ ገበያ፣ ከጣውላው ግቢ።
አንድ የዋንዛ ጉማጅ ከጉልበቱ ጥሎ
ሦስት እግር ያወጣል ከሆዱ ፈልፍሎ፤
ምስማር አያስጠጋም፣ ሙጫም አያስነካው፣
«ብሎን ያቆመውን ብሎን ነው የሚከዳው።
የተገጣጠመ ክረምት ያላላዋል፣
ከአንድ ግንድ የወጣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ
የሕንፃ ንድፍ መጣ፣ በስልክ የማይታይ።
አባቴ ብር ቆጥሮ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ፣
«ስም ያለው ግዢበት» ብሎ አስጠነቀቀኝ፤
«እንደ ኢዘዲን ያለ፣ ጥቁር፣ አንድ ወጥ፣
አርማው ክዳኑ ላይ የሚያብለጨልጥ።»

ኢዘዲን አጎቴ፣ ቡና አስረካቢ ነው፣
ቢሮው ፈረንጅ አራዳ፣ ኮምፒውተሩ ስም ያለው።
ዋስትናውን በፍሬም ከግድግዳ ሰቅሎ፣
«ብሎኑ ከተነካ ይሰረዛል» ብሎ።

እኔ ግን ብሩን ይዤ ወረድኩ ወደ ሸምሱ፣
ከአዲስ አበባ ዕቃ ያስመጣል በራሱ።
ያገለገለ ማዘርቦርድ፣
አዲስ ፕሮሰሰር፣
ሁለት ራም፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ፣
ዲስክ፣ ፓወር ሳፕላይ፣ አንድ ጥቅል ገመድ።
«ኬዙስ?» አለኝ። ብሩ አልቆ ነበር።
«ኬዙን ተወው፣ ቤታችን እንጨት አለ።»

ቤት ስገባ አባቴ ፌስታሉን ገልብጦ
ቆሞ ተመለከተ፣ መጋዙን አስቀምጦ።
«ይሄማ ቁራሌው የረሳው ነው» አለ፣
ሦስት ቀን አኩርፎ ሳያናግረኝ ዋለ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣
ቆርቆሮ በሩን ነካ እያደረግኩ፣ ከእጄ ኤሌክትሪክ እንዲወርድ፣
ፕሮሰሰሯን እንደ ጫጩት ይዤ አስቀመጥኳት።
ማንሻውን ስጫነው አንድ ነገር ቋ አለ፤
እኔ የሆንኩ ነገር የተሰበርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ።
ማብሪያ ቁልፍ የላትም፣ ኬዝ የላትማ፤
ሁለት ቀጫጭን መርፌ በካቻቢቴ ጫፍ አነካካሁ።
ፋኑ ዞረ።
ቆመ።
ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ቆመ።
ከጀርባዬ፣ ከጨለማው፣
«አንዱ እግሯ ነው ያጠረው» የሚል ድምፅ መጣ።
ለካ አልተኛም።
ከሁለቱ ራሞች አንዷን ነቀልኩ።
ሰማያዊው ብርሃን መጀመሪያ የነካው የእሱን ጢም ነው፣
ጢሙ ውስጥ የቀረውን የዋንዛ ብናኝ።

በነጋታው ሳልጠይቀው ጉማጅ መረጠ።
ከአንድ ግንድ ፈለፈለላት፣ በስንዝር እየለካ፣
ሙቀት መውጫ ብሎ ጎኗን እንደ ወንፊት በሳ።
አንድ ቦታ ላይ ግን እጁ ቆመ፤
ሰሌዳዋ ያለ ብሎን አትቆምም።
ብዙ ካንጎራጎረ በኋላ
አራት ፈቀደ።
አምስተኛውን ብለምነውም እንቢ አለ።

ሐምሌ ላይ መብረቅ ወረደ በጅሬን ተራራ፣
ትራንስፎርመሩ ጮኾ ሰፈሩን አስፈራ።
የኢዘዲን ኮምፒውተር ጠፍቶ ቀረ፤
በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታማሚ፣
በሌሊቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ።
ዋስትናው ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ነበር።
የእኔም ጨሰች። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።
ከዚያ አራቱን ብሎን ፈትቼ፣ በአፍንጫዬ ፈልጌ፣
የተቃጠለውን እንደ በሰበሰ ጥርስ ነቀልኩት።
ሸምሱ በዱቤ ሌላ ሰጠኝ። ማታውኑ ተነሳች።

እንከን የላትም አልልም። ፋኗ እንደ ንብ ታንጎራጉራለች፣
መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች፣
እኔ ያልተወለድኩበት ዓመት ላይ ትነቃለች።
ባትሪዋ ሳንቲም ታክላለች፣ ሸምሱም ዘንድ አለች፤
አልገዛሁላትም።
ጠዋት ጠዋት አባቴ በሩ ላይ ቆሞ
«ዛሬስ ዕድሜዬ ስንት ነው?» ይለኛል።
«ገና አላገባህም» እለዋለሁ፣ «እኔም አልታሰብኩም።»
መጋዙን ያነሳና
እየሳቀ ወደ ገበያው ይወርዳል።