ስንተኛ ፎቅ ነው?

«የሚኖሩት ቤት ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለኝ፣
መነጽሩን ጠርጎ ሽቅብ እያየኝ።
የኔ ጥያቄ እኮ የዋጋ ነበረ፤
እሱ ግን ደረጃ መቁጠር ጀመረ።

ፐርኑ ነው ነገሩ፤ የባልቲክ ዳርቻ፣
ከዓሣ ገበያው ጎን፣ ጠባብ ሱቅ ብቻ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያደልኩ ሴት፣
በበረዶ፣ በዝናብ፣ ከቤት ወደ ቤት፣
ጎንበስ ብዬ ኖሬ የበር ቁጥር ሳነብ፣
ቀና ማለትን ነው አሁን የማስብ።

መጀመሪያ ያየሁት ሱፐርማርኬት ነው፤
ከሻምፑው መደርደሪያ ሥር የተጋደመው
ቀይ ካርቶን፦ «ስድስት መቶ ሰባ አምስት እጥፍ!»
ሳተርን ከነቀለበቱ ላዩ ሲንሳፈፍ።

«ማጉላትማ» አለኝ ታቬት፣ «ማንም ያጎላል፤
ሐሰትም ሲነፋ ትልቅ ይመስላል።
ጭጋግን ቢያጎሉት ትልቅ ጭጋግ ነው፤
የአፉን ስፋት ይዩ፣ ብርሃን የሚጠጣው።
እግሩንም ይንኩት፤ ከተንቀጠቀጠ
ኮከቡ ከእጅዎ እንደ ዓሣ አመለጠ።»

የኔ ዓይን የሄደው ጥግ ወደቆመው፣
ትከሻዬ ድረስ ወደሚረዝመው
ነጭ በርሜል።
«ይሄን ስጠኝ» አልኩት፣ «ሌላ አልፈልግም።»
ታቬት አልተቃወመም፤ አልተስማማምም።

አንድ ሣጥን ሙሉ አሮጌ መጽሔት
አሸከመኝና፣ «ይውጡ እስከ ጣሪያው ቤት፤
ይሄ ግማሹ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ።»
ትከሻዬ ለምዷል የፖስታ ስልቻ፤
እልኸኛ ነኝና ሦስቴ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣
ላቤን ሳልጠርግለት ፊቱ ቆሜ ሳቅኩ።

«ጎበዝ» አለ ታቬት፤ «አሁን ግን ቀን ነው።
ጥር ላይስ? እኩለ ሌሊት? ደረጃው በረዶ ሲሆን?
ጉልበትዎ ሲነድ፣ ማንም ሳይኖር፣ ብቻዎን?»
ጉልበቴ እንደሚያመኝ አልነገርኩትም።
ሣጥኑን ሳስቀምጥ አይቶ ነው። አልዋሸሁትም።

«ምርጡ ቴሌስኮፕ የቱ ይመስልዎት?
ከደጅ የሚወጣው። ሌላው ካፖርት ይሰቀልበት።»

ይዤ የወጣሁት — ውበት የላትም —
ድስት የምታህል፣ አጭር፣ ወፍራም፣
ስድስት ኪሎ፣ መስታወቷ አሥራ ሦስት ሳንቲም፤
ኮምፒውተር የላት፣ ሞተር የላት፣ ምንም።
«ሞተርዎ ጣት ነው፤ ኮምፒውተርዎ ካርታ፤
ደግሞም አይቀየሙኝ ሰማዩ ሲረታ።»

ከዚያማ ደመና።
አሥራ ዘጠኝ ሌሊት። ደመና። ደመና።
ጎረቤቴ ቬሎ ውሻውን ይዞ ሲወጣ፣
«ሌይዳ፣ ደመናው ምርቃት ነው?» ይላል፣ ቀን በቀን ሳይሰለች፣ በየጣጣ።

በሃያኛው ሌሊት ተከፈተ ሰማይ።
ካፖርቴን ደረብኩኝ በሌሊት ልብሴ ላይ፣
ዘጠና ሁለት ደረጃ፣ ድስቷን ታቅፌ፣
የወጥ ቤት በርጩማ በክርኔ ደግፌ፣
ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተከልኳት፣
የመንገዱ መብራት እንዳያገኛት።

ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ቀዳዳዋ ጠባብ፤
አንቴና አገኘሁ፣ ጭስ ማውጫ፣ የተኛች ርግብ።
ጣቶቼ ደንዝዘው ተስፋ ልቆርጥ ስል
በስህተት ገፋኋት — አንድ ትንሽ ምስል፦
ክብ። ገርጣ ያለ። ሁለት ቡናማ መስመር።
አራት ነጥብ በጎኑ፣ እንደ ዶቃ በአንድ ክር።
ጁፒተር።

ከዚያ እስከ ዓይኔ ድረስ፣ ብሎኛል ታቬት፣
ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። በኛ ፖስታ ቤት
እንዲህ ያረፈደ ደሞዙ ይቆረጥ ነበር።
ይሄን ግን ፈረምኩለት፣ ቃል ሳልናገር።

ቬሎ ከውሻው ጋር፣ በነጠላ ጫማ፣
መጥቶ አጎነበሰ። ውሻው ጮኸ፤ እሱ አልሰማ።
«ይኸው ነው? ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ብርዱ?»
«ለዚህች ነው።»
አልተነሣም። ውሻው ጎተተው ወደ መንገዱ።

ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እምቢ አለኝ ጉልበቴ፤
ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀዝቃዛዋን ድስት አስጠግቼ ደረቴ።
ያ ነጩ በርሜል ቢሆን ገና ታች ነበርኩ።
የመተላለፊያው መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ።
ሁለት ፎቅ ይቀረኛል።
ማብሪያውን አልነካሁም።