ያልተዘጋ ማይክ

በኦውሉ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጠልቀው፤
አምስት ሆነን እንዘምታለን፣ ማንም ማንን ሳያውቀው።
በጽሑፍ ነበር ወጋችን፦ «በግራ ና»፣ «ድልድዩን ዝጋ»፤
ኋላ ጨዋታው ድምፅ ሰጠን፣ ያለ ተጨማሪ ዋጋ።

«ከእንግዲህ ጣቴ ለምላጭ ነው» አለ ኦትሶ በደስታ፤
እኔም ወደድኩት፤ የሰው ሳቅ ክፍሌን ሞላው የዚያን ማታ።

አንድ ሌሊት ታኔሊ ማይኩን ሳይዘጋ ተወው፤
ከተኩሱ ጀርባ የእውነት በር ሲላተም ሰማነው።
የአባት ድምፅ። የሚሰበር ሳህን። «ተው እባክህ» የምትል እናት።
ጥሩር የለበስን አራት ጀግኖች ድልድዩ ላይ ደረቅንበት።

ጠላት መጥቶ ጨረሰን። ማንም አልተኮሰ።
አንድ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ እያነሰ፣ እያነሰ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል፣ አፍም እንዳለው ማን ነገረን?
በማግስቱ ታኔሊ ጻፈ፦ «ትናንት እንዲያ የተሸነፍነው ምን ሆነን?»
«ኢንተርኔቱ ነው» አለ ኦትሶ። «አዎን፣ እኔም ጋ ቆረጠ።»
ሳንማከር ነው ያ ውሸት ከአራታችን ጣት ያመለጠ።

አሁን ስለ ድምፅ «ድምፅ ስጡ» ይሉናል፦ ይኑር? ይቅር?
ጣቴ ከሁለት ቁልፍ መሃል ቆሟል፤ ምን ብሎ ይመስክር?
ቢዘጋ፣ ያን ቤት የሚሰማ የለም።
ተከፍቶ ሳለም
ሰማን፤ ኢንተርኔቱ ነው አልን።