ለማላውቀው ትከሻ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከዘከሪያ ሱቅ በላይ፣
የተከራየሁት ክፍል ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤
ከታች አሥራ አንድ የስፌት መኪና ባንድነት ሲረገጥ
ጠረጴዛዬ ላይ ብርጭቆው ይራመዳል።

እኔም እሰፋለሁ፣ ጨርቅ የለኝም እንጂ።
ገና ላልመጡ ጸሐፊዎች
የመጀመሪያውን ገጽታ፣
ማንም ሳይመርጠው የሚለበሰውን፤
ቅንብሩ ላይ «ነባሪ» ተብሎ የተጻፈውን፣
ሌላው ሲገባና ሲወጣ
እንደ አሮጌ ጎረቤት የሚነብረውን።

ዋሲሁን ከአዲስ አበባ ይደውላል።
«አናቱ ላይ ሰፊ ፎቶ ይኑረው፣
ገና ሲከፍቱት ‹ዋው!› ይበሉ» ይላል።
ፎቶ የሌለውስ?
«በዚህ ዘመን ማን ፎቶ የሌለው አለ?»
መስመሩ ይቆረጣል። ኔትወርኩ ይሁን እሱ እንጃ።

ሦስት ሳምንት በመስመርና በመስመር መሃል ኖርኩ።
ልኩ ለሌላ ፊደል የተወሰደ ነበር፣
ጠባብ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ።
የ«ቂ» እግር ከታች የቆመውን «ሽ» ቆቡን ይረግጠዋል፤
«ጇ» በክንዷ ጎረቤቷን ትገፋለች፤
አራት ነጥብ ብቻዋን ወደ አዲስ መስመር ወርዳ
እናቷ ገበያ መሃል እንደጠፋችባት ልጅ
ዙሪያዋን ታያለች።

ቀለም ፍለጋ ጀጎል ውስጥ ዞርኩ።
ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፤
የዘንድሮው ዒድ በአምናው ላይ፣
አምናው በካቻምናው ላይ ተቀብቶ
አንዱ ጥግ ሲላጥ ሰባት ዒድ ይታያል።
ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ፣ አንዱንም አልተጠቀምኩም።
ቤቱ የነሱ፣ ቀቢዎቹም እነሱ፤
የኔ ኖራው ብቻ።

ሸዋ በር ጫት የምትሸጠውን ዚያዳን
ስልኳን ለመንኳት። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣
ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።
በዚህ ካልተነበበ አልሠራሁም አልኩ ለራሴ።
አልተነበበም።
«ደሞ ነገ ና» አለችኝ፣ «ግን ባዶ እጅህን አይደለም።»

መብራት የሄደ ቀን ወደ ዘከሪያ ወረድኩ፤
የሱ መኪና በእግር ነው፣ ማንንም አይጠብቅም።
ኮት ይሰፋል።
የማን ነው?
«የሚገዛው ሰው።»
ማን ይሆን?
«እኔ ምን አውቄ። ትከሻ ያለው ሰው ነዋ።»
ኪሱን ሠርቶ፣ ገልብጦ፣ አስተካክሎ፣
አፉን በቀጭን ክር ዘጋው።
ምነው ዘጋኸው?
«ሳይሸጥ እንዳያዛጋ። ባለቤቱ ሲያሻው በምላጭ ይፈታዋል።
ባይፈታውም ኮቱ ኮት ነው።»

ያን ሌሊት፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል፣
የፎቶውን ቦታ በክር ዘጋሁት።
ፎቶ ያለው ይፈታዋል፤
የሌለው ኪስ እንደነበረም አያውቅ።
ኅዳጉን አሰፋሁት፣ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ያህል።
ርእሱን አሳነስኩት፣
ትንሽ ነገር ሊጽፍ የመጣ ሰው እንዳያፍር።

ዋሲሁን አየው።
«ባዶ ነው» አለ።
አዎ።
«ባዶ ነው እኮ!»
አዎ እኮ።

በወጣ በሁለተኛው ማለዳ
ከሸንኮር ፈርዶሳ የምትባል አንዲት ሴት፣
ቀለም ሳትቀይር፣ ፎቶ ሳትሰቅል፣
እንዲህ ጻፈች፦

«ዛሬ ውሃ መጣ። ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ።
ሁለት ጀሪካን ሞላሁ።
ሦስተኛው ክዳን የለውም፣
እሱንም ሞላሁት።»

አራት ነጥቦቿ በየመስመራቸው ቆመዋል።
ማንም የማንንም ቆብ አልረገጠም።
ስለ ገጽታው እስከ ማታ
አንድ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤
እኔም አሥር ጊዜ ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘጋሁት።

ወርጄ ለዘከሪያ አነበብኩለት።
እግሩን ከመርገጫው አነሳ፣
መርፌውን ከከንፈሩ ነቅሎ ትንሽ አሰበ።
«ቢጫ ክዳን አለኝ» አለ፣
«ከዘይት የተረፈ።
ልኩ ይሆን?»