ሽፋን

ሥራዬ ጠባሳ ማጥፋት ነው፤ አንትወርፕ፣ ከመጽሔት ቤት ጓዳ፣
ባለ ሦስት ጸጉር ብሩሽ ይዤ ማለስለስ የሰው ቆዳ።
ሽፍታውን፣ ማድያቱን፣ የክትባቱን ምልክት፣
ሁሉንም በአንዲት ጠብታ ቀለም እንዳልነበረ አደረግሁት።
ስለዚህ ስለ ጎደሊቭ ጀርባ የምለው፣
የአድናቂ አይደለም፤ የጠጋኝ ቃል ነው።

ያነሳቻት ሊዘሎት ናት፣ ከዓሣ መሸጫው ፎቅ ላይ፤
የካቲት ነበር፣ በረዶ ያዘለ ሰማይ።
መስኮቱ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣
ጥግ ላይ ከሰል ሲነድ።
ጎደሊቭ፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ የወደብ ጸሐፊ፣
ልብሷን እንደ ሰነድ አጣጥፋ፣ ያለ አስገዳጅ፣ ያለ ገፋፊ፣
ጀርባዋን ለብርሃን ሰጥታ ተቀመጠች።
«ቶሎ በይ፣ በረደኝ» አለች።
ከግራ ትከሻዋ በታች የሩብ ጨረቃ ጠባሳ፤
ልጅ ሳለች የምድጃ በር የላሳት፣ ገላዋ ያልረሳ።

ፎቶው ሲታይ አሥራ አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው።
አንዱ ግን የሚላኖ ሰው ነው፤ የመጽሔት ሰው፤
ቆሞ ቆሞ፣ የመስኮቱን ብርሃን በሲጋራ ፓኮ ላይ ነደፈው።

በመከር መጽሔቱ ወጣ።
ያው መስኮት፣ ያው ወንበር፣ ያው የአንገት ዘንበል መጣ፤
ጀርባው ግን የሌላ ነው፤ ካፖርት የሚንሸራተትበት፣
ዋጋው ከግርጌ በደቃቅ ቁጥር የተጻፈበት።
ይገርማል! ጎደሊቭ ምንም ሳትለብስ ለብሳ ኖራ፣
ይቺኛዋ ራቁቷን ቀረች፣ ከነሱፏ፣ ከነካፖርቷ ጋራ።
አንባቢ ገጽ ሲገልጥ ገላ ይገለጣል፤
ገላውም ሽፋን ይባላል።

ከዚያ ሊዘሎትን ጠሯት። የቤት ኪራይ ነበረባት፤ ሄደች።
ጓንት አነሳች፣ ቀበቶ አነሳች፣ የሽቶ ጠርሙስ አነሳች።
ወደ ዓሣው ፎቅ ስትመለስ እጇ ሌላ ለምዶ፣
መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ፣
ረጅም ተረከዝ ይላል፣ የከንፈር ቀለም ይላል፤
«ትንሽ ብቻ» ይላል፣ «ለጥበቡ» ይላል።
ጎደሊቭ ቀበቶውን ታጥቃ ሳቀች፤
«ይኼንን የምሸጠው ለማን ነው?» አለች።

ማን ከማን ወሰደ ብትሉኝ፣ ምን ልመልስ?
እንደ ጎረቤት ወንፊት ነው፤ ሲዋዋሱት ሲመልሱት፣
ባለቤቱ ማን እንደነበር ረሱት።

ያኔ ነው ፎቶው ከእኔ ጠረጴዛ የደረሰ።
«ጠባሳው ይጥፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት።
አጠፋሁት።
ሩብ ጨረቃዋ በሦስት ጸጉር ጠለቀች።
ጎደሊቭ መጽሔቱን ገዝታ፣
ጀርባዋን ፈልጋ አጣች፤
ሊዘሎት ናት የነገረችኝ፣ በስልክ፣ ሳትሰናበት ዘጋች።

ሃያ ሁለት ዓመት።
ፋሽኑ ዞረ፤ ለስላሳ ቆዳ ሰለቸ፤
«እውነት» የሚሉት ነገር ዋጋው ናረ፣ እንደ ሐር ተቸረቸረ።
ብሩሼ ኮምፒውተር ሆኗል፣ ዓይኔ መነጽር።
ከሪጋ የመጣች ሞዴል ነበረች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣
እንከን አልወጣላትም ከወገቧ እስከ አንገቷ።
«ጠባሳ ሳልላት» አሉኝ፤ «የኖረች ትምሰል።»
የት፣ ምን ያህል፣ አላሉኝም።
እጄ ራሱ ሄደ፤ ከግራ ትከሻዋ በታች
ሩብ ጨረቃ ወጣች።

ትናንት በትራም ፌርማታ፣ ከትልቁ ማስታወቂያ ሥር፣
አንዲት አሮጊት አየሁ፣ በፌስታል ዓሣ የያዘች።
ጎደሊቭ ትሁን አትሁን አላውቅም፤
እኔ የማውቀው ጀርባዋን ነው፣
ፊቷን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም።
ቀና ብላ አየች፣ ቆየች።
ከዚያ ቀኝ እጇን በትከሻዋ አሻግራ፣
ከወፍራሙ ካፖርቷ ላይ፣
የማይደረስበት ቦታ ለመንካት ጣረች።
ትራሙ መጣ።
አልተሳፈረችም።