የአሥራ አንድ ቀን ጉዞ በአንድ እሁድ

ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከአንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት፣
ገጹን በሃያ ብር፣ ቆሞ ያስተየበው ዓምና በክረምት፣
አራት ገጽ ወረቀት፤
"የጉዞ ዝርዝር" ይላል ራስጌው፣ በደማቁ፣ ከሥሩ መስመር፣
ኤምባሲ ሲያዩት እንዲያምር።
ቀን አንድ ኦታዋ። ቀን ሦስት ሞንትሪያል። ቀን አምስት ኬቤክ፣ አሮጌው ከተማ፣ በእግር።
ቀን ስምንት ፈንዲ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ማየት።
ቀን አሥራ አንድ ሃሊፋክስ፣ የመብራቱ ማማ፤ ከዚያ መመለስ ቤት።

የሚከራየው መኪና፣ የእህቱ ልጅ ዘርፌ የምትይዘው ሆቴል፣
ሁሉም በሰዓቱ፣ ሁሉም በኪሎ ሜትር ተሰፍሯል።
ሠላሳ አራት ዓመት አንበሳ አውቶቡስ የነዳ ሰው
መንገድ ሳይለካ አይወጣም፤ ይኸው ነው።

መልሱ መጣ በኅዳር።
"ጉዞዎን ጨርሰው ለመመለስዎ ማስረጃዎ አላጠገበንም" ነው ነገሩ ሲያጥር።
አጥናፉ ሳቀ። "እኔን ነው?
ከሜክሲኮ ወጥቼ ሜክሲኮ ያልተመለስሁት መቼ ነው?"
ከዚያ ዝም። ወረቀቱን ከመብራት ደረሰኝ ጋር አጠፈው፤
ቁም ሣጥኑ አናት፣ ከዳዊቱ ሥር አኖረው።

ዘንድሮ በነሐሴ፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣
"ካፖርትሽን ደርቢ" አለኝ፤ "ምሥራቅ ካናዳ አለው ነፋስ።"
ቮልሳችን ተነሣች በሦስተኛው ግፊት፣
የሠፈር ልጆች ከኋላ እየጮኹላት።

ኦታዋ አራት ኪሎ ሆነች። ፓርላማውን በአጥሩ አሻግሮ አየና፣
የማማውን ሰዓት ከእጁ ሰዓት ጋር አስተያየና፣
በእስክሪብቶ አንድ ጭረት። "ይቺ አለቀች" አለ፤ "ቀጥሎ!"
ሞንትሪያልን ስታዲየም አደረጋት፣ ስለ ኦሊምፒኩ ብሎ።
"በስልሳ ስምንትም አልሮጥንባት፤ ቂም የላትም ከእኛ ጋር።"
አንድ የተጠበሰ በቆሎ ገዛን፣ ሰበርናት ለሁለት፣ እዚያው ዳር።

ኬቤክ ላይ ነው ነገሩ የተሰበረ።
ፒያሳ ወጣን። ቮልሷን አቆመ፣ በሩን ከፈተልኝ፣ እንደ ሙሽራ ወግ ሞከረ።
ድሮ የጠበቀኝ ደረጃ፣ የሰዓት ጠጋኙ ጠባብ በር፣ የት ሄደ?
አጥናፉ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ፤ መሬቱ የከዳው መሰለ።
ሣር ነው። አዲስ መብራት ነው። አግዳሚ ወንበር ነው፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ።
ባዕድ አገር እንደመጣ ሰው ወረቀቱን ገለጠ፣ ዞረ፣ ተሳቀቀ፣
አንዱን ጥበቃ ጠየቀ፤
"ይቅርታ ወንድሜ፣ አሮጌው ከተማ በየት በኩል ነው?"
ልጁ አሰበ። "እኔ እንኳ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው።"

እዚያ ግንቡ አለ አሉ፣ ድንጋዩ ሳይነካ፣ መድፉ ሳይቀር፤
ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ አሮጌ ለማየት፣ ከፍሎ፣ በዶላር።
እኛም ሁለት ሰዓት፣ በዝርዝሩ መሠረት፣ ሣሩን ዞርን፤
"እዚህ ጋ ነበር" እያልን፤ አንድ ጊዜም ተጣላን፣
ደረጃው ሰባት ነው፣ ስምንት ነው፣ በሚል።
ይህን የሚዳኝ ሰው ከወዴት ይገኛል?

በቸርቺል ቁልቁል ስንወርድ ሰማዩ ጠቆረ፤
ለገሃር ስንደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፤ አስፋልቱ ተሠወረ።
ቮልሷ አንዴ አሳላት፣ ሁለቴ፣ ጠፋች መሐል መንገድ፤
ውሃው ፌስታል ይዞ፣ ነጠላ ጫማ ይዞ፣ በአጠገባችን ሲሄድ።
ልጆች ሱሪ ሰብስበው ሰው በጀርባ ያሻግራሉ፤
"ማዘርን በሃምሳ፣ ፋዘር ከበድ ይላል፣ በመቶ" ይላሉ።
አጥናፉ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣
ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አስኪዶ ቀን ስምንትን አመጣ፦
"ፈንዲ። ባሕሩ ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይሸሻል፤
ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀመጣል፤ የታገሠ መሬቱን ያያል።"
የእጅ ፍሬኑን ሳበ። "እንግዲህ መጠበቅ ነው።"

ከፊታችን አንድ ሚኒባስ፣ ሰማያዊ በነጭ፣
እንደ ዓሣ ነባሪ ተነፈሰና ቆመ፣ እንፋሎት ሲረጭ።
ረዳቱ ጣራው ላይ ወጣ፤ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" አለ፣ ከልማድ፤
የሚሳፈር ሳይኖር፣ የሚሄድም መንገድ።

መስታወቱን ዝቅ አድርጌ በመዳፌ ጠብታ ያዝሁ፤
ቀመስሁ።
"ጨው የለውም" አልሁት።
ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።
"ገና ነው" አለኝ፤ "ሃሊፋክስ መቼ ደረስን?"